ጠብቆ የሚነበብ ቃል

“በቀል ማለትስ እንዲህ ነው!” አለ ፀጉር አስተካካዩ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ። “ልጅቷን ወደድኳት። አለቀሰች? አላለቀሰችም። ጮኸች? አልጮኸችም። ቂሟን ጠቅልላ ሆዷ ውስጥ ከተተችና ‘አትረሳም’ ብላ ዘጋችው። ይቺን ልጅ ማግባት እንጂ ማስቀየም አያዋጣም!”

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ታሪኩን የጻፈችው ሴት ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጣ የእርሳሷን ጫፍ ታኝካለች። ቂም አልጻፈችም። በቀል የሚባል ነገር በሐሳቧም አልዞረ። እንዳትናገር ደግሞ አፏ በሕግ ተለጉሟል።

ሕጉ የመምህሩ ነው። መምህሩ ዕድሜያቸውን ሬዲዮ ጣቢያ ዜና ሲያርሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከጀርባቸው “አራት ነጥብ” ይሏቸዋል፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ የሚቀጥል ዓረፍተ ነገር የለምና። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ፣ ወንበሮቹ እንዳይነቃነቁ እግራቸው ሥር ካርቶን በተደረገበት ክፍል፣ አጭር ልቦለድ መጻፍና መተቸት ያስተምራሉ። አንዱ የጻፈውን ሌላው፣ ዕጣ የወጣለት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ሁሉም ይተቻል። የጻፈው ሰው ትንፍሽ አይልም።

“ደራሲው ዲዳ ነው” ይላሉ ጋሼ። “መጽሐፍህን ገዝቶ ቤቱ ለሚያነብ ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለህ ልታስረዳው ነው?”

ዛሬ ዲዳነቱ የደረሰው ለጸሐፊዋ ነው። ጸሐፊ የሚሏት ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምትሠራ ነው፤ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ውል፣ የሰው አቤቱታ ስትተይብ ትውላለች። የመጀመሪያ ሥራዋ የተነበበ ቀን ፀጉር አስተካካዩ “እኛ ጸሐፊ ናት ስንል እውነትም ጸሐፊ ሆና አረፈችው!” ብሎ ነበር።

የዛሬው ታሪኳ ስለ አንድ ሾፌር ነው። የአንዲት ባለጸጋ ሴት መኪና ይነዳል፤ ነገር ግን ከነዳበት ጊዜ የጠበቀበት ይበልጣል። ቢሮ በር ላይ ይጠብቃል፣ ባንክ በር ላይ ይጠብቃል፣ ግብዣ ቤት በር ላይ ይጠብቃል። አንድ ዝናባማ ምሽት ጋባዦቹ “ሾፌርሽ ገብቶ አንድ ነገር አይቀምስም?” ሲሏት ሴትዮዋ ከሳህኗ ቀና ሳትል “ይጠብቃል” ትላለች። ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ ልቡ ቀጥ ይላል። መጨረሻ ላይ የሾፌሩ ልጅ መኪናው ውስጥ ትገባለች። ወንበሩ ገና የአባቷን ጀርባ ቅርጽ እንደያዘ ነው። በሩን ትዘጋለች። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ፦ አትረሳም።

ሾፌሩ አባቷ ነው። ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ቃሉን የጻፈችው ለእሱ ነው፤ “ረ” ጠብቃ፣ አንተ አትረሳም፣ አባዬ፣ ማንም አይረሳህም ለማለት። ጋሼ ባለፈው “ጥቅስ አታብዢ” ስላሏት ትእምርተ ጥቅሱን አንስታዋለች። ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም፤ መልኩ ያው አንድ ነው። አንባቢው አላልቶ አነበበውና ነገሩ ተገለበጠ፤ ልጅቷ አትረሳም፣ ቂሟን ይዛ ትኖራለች ሆነ።

ሌላ ሰው ቢያነበው ኖሮ ስቃ ታልፈው ነበር። ያነበበው እሱ ነው።

ቅንፍ ይሉታል። ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ዋናው ነገር ሁሉ በቅንፍ ውስጥ የገባ ተጨማሪ ማብራሪያ ይመስልበታል። ቅንፍ የሴትዮዋ ልጅ ነው፤ የእውነተኛዋ ሴትዮ፣ የቀለም ፋብሪካዋ ባለቤት። ይህን ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። አባቷ የሞተ ሰሞን የጡረታ ወረቀቱን ለቤተሰቧ ኮፒ ሊያስደርግ እሷ የምትሠራበት ቤት መጣ፤ ኮፒው አልቆ ቆመ። በነጋታው ኮፒ የማያስፈልገውን ወረቀት ይዞ መጣ። የፋብሪካው መዝገብ ቤት ያን ያህል ኮፒ አይቶ አያውቅም። እዚህ ትምህርት ያስገባችውም እሷ ናት፤ ሥራ ይዞት የመጀመሪያው ሳምንት አምልጦታል እንጂ። ይቺን ነገር ያዟት።

ዛሬ ከትምህርቱ በኋላ ቤቱ ሊወስዳት፣ እናቱ ፊት አቁሞ “እማ፣ ይቺ ናት” ሊል ተቀጣጥረዋል። ለዚህ ብላ አዲስ ጫማ አድርጋለች። ጫማው ይቆነጥጣታል።

ቅንፍ ንባቡን ጨርሶ ወረቀቱን አጠፈ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። ሲያያት ፊቱ ላይ የነበረውን፣ ሰው ወዳጁን ብሎ ሄዶ በሩን የማያውቀው ሰው ሲከፍትለት የሚያሳየው ዓይነት ፊት፣ ማንም አላየውም። እሷ አየችው።

*

ደረጃው ላይ ጠበቀችው። ሌሎቹ እየተሳሳቁ አለፉ፤ ነርሷ፣ ከተረኝነት በቀጥታ የምትመጣው፣ እያዛጋች ትከሻዋን መታ አድርጋ “የኔ ቆንጆ፣ ጽፈሻል!” ብላት ወረደች።

“ዛሬ አይሆንም” አለ ቅንፍ።

“ምኑ?”

“ቤት መሄዱ።”

“ለምን?”

“ለምን ትይኛለሽ?” ድምፁ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነው፤ ቃላቱ ግን ከቅንፋቸው ወጥተዋል። “እናቴን አደባባይ ላይ ሰቀልሻት። መስቀሉስ ይሁን፣ ገመዱን ለእኔ ነው ያስያዝሽኝ። በገዛ አንደበቴ አስነበብሽኝ። አሁን ምን ልበላት? ‘እማ፣ ይቺ ናት፤ አትረሳም’ ልበላት?”

ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። ቃሉ እንደዚያ አይነበብም ብትለው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ሰው በሚወደው ሲጠረጠር መጀመሪያ የሚመጣለት ማስረጃ ሳይሆን ኩራት ነው።

“እንደዚህ ነው የምታውቀኝ?”

“እንደጻፍሽው ነው የማውቅሽ።”

“እንዳነበብከው በል!”

“ያው ነው።”

“ያው አይደለም!”

ድምፅዋ ደረጃውን ሞልቶ ተመለሰ። ከታች የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ “ጸጥታ እዚያ!” አለች። ሁለቱም እንደተማሪ ጭጭ አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ብቻ ሲስቁ ያመሹ ነበር።

“እናቴ እኮ ክፉ ሰው አይደለችም” አለ በመጨረሻ። “ቀብሩን ሙሉ በሙሉ የቻለችው እሷ ናት።”

ባይላት ጥሩ ነበር። እሱም ካፉ እንደወጣ ታወቀው።

“አዎ” አለች። “አሳምራችሁ ቀበራችሁት።”

ወረደች። ጫማው በየደረጃው ቆነጠጣት። መቆንጠጡን ወደደችው፤ ያ ቢያንስ ከየት እንደመጣ የምታውቀው ሕመም ነው።

*

ስልክ አልደወለም፤ እሷም አልደወለችም። ሥራ ቦታ አንድ ሰውዬ ጎረቤቴ በአጥር ድንበር በደለኝ የሚል አቤቱታ አስተየባት። ሰውየው እየተንጎራደደ “በከፍተኛ ሁኔታ ማዘኔን ጨምሪበት” ይላታል። ጨመረችበት። ሲሄድ ለራሷ ባዶ ገጽ ከፈተችና “ይድረስ ለ” ብላ ጀመረች። ሰረዘችው። “በከፍተኛ ሁኔታ” ብላ ጻፈች። ሰረዘችው። ለሰው ሦስት ገጽ እንባ የምታፈስ ልጅ፣ ለራሷ ሲሆን አንድ መስመር አልወጣት አለ።

ኋላ ጋሼ የመጀመሪያው ሳምንት ያሳዩአቸው ነገር ትዝ አላት። ሬዲዮ ጣቢያ ዜና አንባቢውን የሚያሳስት ቃል ሲያገኙ፣ ከቃሉ በላይ በእርሳስ “ይላላል” ወይም “ይጠብቃል” ብለው ይጽፉበት ነበር። ሌላ ማብራሪያ የለም። “አንድ ቃል ይበቃዋል” ብለው ነበር። “ከዚያ በላይ ካስረዳኸው አንባቢህን ሰድበሃል።”

የታሪኩን የመጨረሻ ገጽ አተመችው። እርሳሷን ቀረጸች። “አትረሳም” ከሚለው ቃል በላይ፣ ልክ እንደተማረችው፣ በጥንቃቄ ጻፈች፦ ይጠብቃል። ከሥሩ አሰመረችበት። ኩራቷንም አላጎደለ፣ እውነቱንም አስተካከለ። እሱ ሲያየው “ውይ!” ሲል፣ ግንባሩን በመዳፉ ሲመታ፣ ሮጦ ሲመጣ ታያት። እዚያው ወንበሯ ላይ ሆና ይቅር አለችው።

ቅንፍ የመጀመሪያው ሳምንት አልነበረም። ያዟት የተባለችው ነገር ይቺው ናት። ምስኪን ልጅ፣ እሷ ግን አልያዘቻትም።

ያን ማታ ከሥራ ወጥታ ወደ ትልቁ የእነ ቅንፍ ግቢ ሄደች። ዘበኛው ከጎጆው ብቅ አለና በእጁ ዓይኑን ከልሎ አያት።

“አንቺ ልጅ! ምነው፣ መንገዱ ጠፋሽ እንዴ?”

“ጠፋኝ፣ አባባ።”

“ለአባትሽ ወዳጅ እንኳ ብቅ አይባልም? እትዬ እንግዳ ይዘዋል። ልጁ ግን አለ። ልጥራልሽ፣ ትጠብቂያለሽ?”

“ከእኛ ቤት የጠበቀው ይበቃል።”

ዘበኛው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ። “አንደበትሽ የእሱ ነው” አለ። “እንዲህ እያለ ነበር የሚያስመሸኝ።”

ወረቀቱን ሰጠችው። ግቢው ውስጥ ጥቁሩ መኪና ቆሟል። አዲሱ ሾፌር በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ መስታወቱን በጋዜጣ ይወለውላል። አባቷም በጋዜጣ ነበር የሚወለውለው፤ ጨርቅ ክር ይተዋል ይል ነበር። ለአዲሱ ማን ነገረው? ወይስ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል? ይህን ስታስብ አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤታቸው ብቻ ሳይሆን ከዓለም እንደጎደለ ተሰማት፤ ጉድለቱ ደግሞ ወዲያው በሌላ ሰው ተሞልቷል። ለዚህ ነው ያን ቃል የጻፍኩት፣ አለች በልቧ። አሁን ይገባዋል።

*

ቅዳሜ የቅንፍ ወንበር ባዶ ነበር።

“ታሪኩን ልኳል” አሉ ጋሼ ፖስታ እያወጡ። “ሰውየው ግን አልመጣም። ዲዳነቱን አጠናቋል።”

ዕጣው ለነርሷ ወጣ። “ጋሼ ይሙቱ፣ ትናንት ሙሉ ሌሊት ቆሜ ነው ያደርኩት፤ ዓይኔ ፊደል አይለይም” ብላ ወረቀቱን ለጸሐፊዋ አሳለፈችላት። እንደ ቀልድ ነው ያሳለፈችላት። ሰው መርዝም እንደ ቀልድ ያሳልፋል።

ማንበብ ጀመረች።

“ልጁ ያደገው ጋቢና ነው። እናቱ ከኋላ፣ እሱ ከሾፌሩ ጎን። መንዳት ያስተማረውም ሾፌሩ ነው። ‘ወደኋላ ስትሄድ መስታወቱን አትመን፤ አንገትህን አዙርና በዓይንህ እይ’ ይለው ነበር። ‘መስታወት ከኋላህ ያለውን ያሳንሰዋል።’”

ቆመች። አባቷ ይህን ለእሷ ብሏት አያውቅም። እሷን መንዳት አላስተማራትም፤ መኪናው የእነሱ አልነበረማ። ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ አዲስ ነገር ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከመቃብር ውስጥ አንድ ቃል አውጥተው የሰጧት መሰላት።

“ቀጥይ” አሉ ጋሼ።

“ሾፌሩ ስለ ሴት ልጁ ማውራት አይጠግብም። ‘የእኔ ልጅ አትረሳም’ ይላል። ‘አንዴ ያነበበችውን፣ አንዴ የሰማችውን፣ በቃ አትረሳም።’ እንዲህ ሲል ፊቱ ይበራል። ስለዚህ ልጁ ያን ቃል ታሪኳ መጨረሻ ላይ ሲያገኘው በሾፌሩ ድምፅ ነው ያነበበው። ሌላ አነባበብ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ነው ቃሉ ከፍቅር ወደ ቂም እንደዞረ የገባው።”

ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ነርሷ ማዛጋቷን ተወች።

“ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ዘበኛው ነው ያመጣው። ከመጨረሻው ቃል በላይ፣ በእርሳስ፣ በራሷ እጅ ጽሕፈት፣ ከሥሩ ተሰምሮበት፣ እናቱ በዚያ ዝናባማ ምሽት የተናገረችው ቃል አለ፦ ይጠብቃል።”

አሁን ገባት።

እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ደረጃ የሳተ የመሰለው ሰው እንደሚደነግጠው ደነገጠች፤ መሬቱ የለም። ማቆም አልቻለችም። አንባቢ መሀል ላይ አያቆምም፤ ይህም ሕግ ነው። የገዛ እጇ የሠራውን በገዛ አፏ አነበበች።

“ልጁ ወረቀቱን ይዞ እናቱ እራት ወደምትበላበት ገባ። ‘እማ፣ ይቺን ቃል ታውቂያታለሽ?’ አላት። እናቱ መነጽሯን አደረገች። አነበበች። መነጽሯን አወለቀች። ‘አውቃታለሁ’ አለች። ሳህኑ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች። ልጁ እናቱን እንዲህ አንሳ አይቷት አያውቅም። መስታወት ውስጥ ያያት መሰለው።

“ሁለት ሴቶች ነበሩት። አንዷ መርሳት አልቻለችም። አንዷ በደግ መታወስ አልቻለችም። በሁለቱ መካከል የሚቀመጥበት ወንበር ፈለገ፤ ጋቢናም የለም። የፋብሪካቸውን የሩቅ ቅርንጫፍ ቁልፍ ከግድግዳው ላይ አነሳ። እናቱ ‘ሂድ’ም ‘ቅር’ም አላለችም። ሲነጋ ሄደ።

“አትጠብቂኝ።”

ወረቀቱን አስቀመጠች። ጣቶቿ ግን አልለቀቁትም።

“ወይኔ” አለች ነርሷ ዓይኗን እየጠረገች። “ልጅቷ ግን ጨካኝ ናት። የሰው ቤት ድረስ ሄዶ ያንኑ ቃል ማስቀመጥ? ምን ዓይነት ልብ ነው!”

“በቀል ነዋ!” አለ ፀጉር አስተካካዩ። “ባለፈው ሳምንትም ብያለሁ፣ ይቺን ልጅ ማስቀየም…” ቆመ። “ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ሾፌር የባለፈው ሳምንቱ ሾፌር አይደለም እንዴ?”

አንድ በአንድ ወደ እሷ ዞሩ፤ ከእሷ ወደ ባዶው ወንበር። ፀጉር አስተካካዩ ምላሱን የት እንደሚያስቀምጠው ጨነቀው።

“ይጠብቃል አይደለም” አለች ጸሐፊዋ። “ይጠብቃል ነው!”

ገጽ ላይ ሲሰፍሩ ሁለቱ ቃላት መንትዮች ናቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን፣ ከእሷ አፍ ሲወጡ፣ አንዱ ዝናብ ውስጥ የቆመ ሰው ነበር፤ ሌላው በእርሳስ የተደረገ ምልክት። እየደጋገመች አለችው፤ አንዴ ይህን አንዴ ያን፤ መጨረሻ ላይ የትኛው የቱ እንደሆነ ለራሷም ጠፋት። ነርሷ ተነስታ አቀፈቻት። ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ነርስ ናት፣ ሳይገባትም ታቅፋለች።

ጋሼ ብቻ ገባቸው። እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው አረጀ።

“እሱ የመጀመሪያው ሳምንት አልነበረም” አሉ።

ከዚያ በኋላ፣ እንደወትሮው፣ የሚቀጥል ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

*

ከዚያው ስትወጣ ስልኩን ደጋግማ ሞከረች፤ ዝግ ነው። ወደ ትልቁ ግቢ ስትደርስ በሩ እየተከፈተ፣ ጥቁሩ መኪና እየወጣ ነበር። መንገዱ መሀል ቆመች። አዲሱ ሾፌር ፍሬን ያዘ። መስታወት ዝቅ አለ፤ የፊተኛው መስታወት። እትዬ ጋቢና ተቀምጠው አይታ አታውቅም።

“የሾፌሩ ልጅ” አሉ።

“አዎ፣ እትዬ።”

“ሄዷል።”

“አውቃለሁ። እትዬ፣ ያ ወረቀት…”

እትዬ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ወረቀቱ እዚያ ነበር፤ መታጠፊያው ላይ አልቋል፤ ብዙ ጊዜ ተከፍቷል። “እዚህ ላይ በእርሳስ የጻፍሽው ለእኔ ነው?”

“ለእርስዎ አይደለም። ለእሱም አይደለም። ለቃሉ ነው። ‘ረ’ እንደምትጠብቅ ለማሳየት ነው፤ እንዲህ…” ጎንበስ ብላ በመስኮቱ በኩል ጣቷን ቃሉ ላይ አሳረፈችና አነበበችላቸው፤ አጥብቃ፣ ቀስ ብላ፣ አባቷ እንደሚሰማት ሁሉ።

የእትዬ ከንፈር ያለ ድምፅ ተከተላት።

“ማን ነው የማይረሳው?”

“አባቴ።”

አዲሱ ሾፌር ወደ ፊት እያየ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሞተሩ ይሠራል። እትዬ በእርሳስ የተጻፈችውን ቃል በጣታቸው ነኩ።

“ያን ቃል ስንት ዓመት እንዳልኩት ታውቂያለሽ?” አሉ። “በየበሩ። ‘ሾፌርሽስ?’ ሲሉኝ፣ ይጠብቃል። ስወጣ ደግሞ ሁልጊዜ አለ። ሰው ‘እግዜር ያሳይህ’ እንደሚለው ሳላስበው ነበር የምለው። አንድ ቀን ብቻ ነው ሳይጠብቀኝ የቀረው።”

“ለልጅዎ ይንገሩልኝ፣ እትዬ። እለምንዎታለሁ። ቃሉ እንዴት እንደሚነበብ ብቻ ይንገሩልኝ።”

“የእኔንም ስልክ አያነሳም።” ወረቀቱን በመታጠፊያው አጠፉት። እጇን ዘረጋች፤ እትዬ ግን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። “ይቺን አልመልስልሽም” አሉ። “የእኔ ናት።”

መኪናው ቀስ ብሎ ሄደ። ዘበኛው በሩን ሳይዘጋ ቆሞ ያያታል። አባቷ ሳይረሳ ቀርቷል፤ የፈለገችው ይኸው ሆነላት። የሆነላት ግን ከምትወደው ሰው ጋር ተለዋውጦ ነው፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ዋጋውን ሳይነግራት።

*

የጽሑፍ መልእክት ላከችለት። ይህን እንኳ አሳጠረችው፤ ልማድ አይለቅ። “ረ ጠብቃ ትነበባለች። ጋሼ አንተ ሳትመጣ ያስተማሩን የአራሚ ምልክት ነው። ለአባቴ ነው የጻፍኩት። እናትህን አልነካሁም።”

መልስ የለም። ሥራ ቦታ ስልኩን ከቁልፍ ሰሌዳው ጎን አስቀምጣ ትተይባለች። የአጥሩ ሰውዬ ይግባኝ ሊል ተመልሶ መጣ፤ “አሁንም በከፍተኛ ሁኔታ ነው ያዘኑት?” ብትለው “ከፍ ብሏል” አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ አመነችው። ማታ እናቷ “እኔ ልሙት፣ ምን ሆንሽ? ጉንጭሽ ገባ እኮ” ትላታለች። “ምንም፣ እማዬ። የፊደል ስሕተት ነው።”

ቅዳሜ ደረጃውን እየወጣች ሳለ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ደረጃው ላይ፣ ልክ በተጣሉበት ቦታ፣ ቆማ ከፈተችው። ከእሱ ነው። አንድ ቃል ብቻ።

ይጠብቃል።

ግድግዳውን ተደገፈች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ይቺው ቃል ራሷ ላልታ ስትነበብ የሚጠብቅ ፊደል ናት፤ ጠብቃ ስትነበብ የሚጠብቅ ሰው። ላልታ ከሆነ፣ አዎ፣ ገብቶኛል፣ “ረ” ትጠብቃለች ማለቱ ነው፤ ደረሰኝ እንደሚቆርጥ ሰው፣ ቀዝቃዛ፣ ያለቀለት ነገር። ጠብቃ ከሆነ እዚያ ሩቅ ቅርንጫፍ ውስጥ፣ የቀለም ቆርቆሮ መሀል ተቀምጦ የሚጠብቃት ሰው አለ። ወይም ደግሞ ያንኑ የእናቱን ቃል መልሶ እየወረወረባት ነው፤ አንቺም እንግዲህ ጠብቂ፣ እንደ አባትሽ። አንዴ እንዲህ አነበበችው፣ አንዴ እንዲያ። ባነበበችው ቁጥር ልቧ አብሮ ይጠብቃል፣ አብሮ ይላላል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ጽሑፍ ድምፅ ያለው ይመስል። ደወለችለት። ዝግ ነው።

ደረጃውን ወጣች። ክፍሉ ውስጥ ጋሼ ብቻቸውን ናቸው፤ ተንበርክከው ከቅንፍ ወንበር እግር ሥር ካርቶን ያደርጋሉ።

“ጋሼ” አለች ስልኩን ዘርግታ። “ይቺ ቃል ትላላለች ወይስ ትጠብቃለች?”

ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አደረጉት። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። ቃሉን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ፤ እንደገና ቃሉን።

“ከማን ነው?”

“ከቅንፍ።”

“ሌላ የጻፈው የለም? ከላይ፣ ከታች?”

“የለም፣ ጋሼ። ይኸው ብቻ ነው። እባክዎ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ይህንኑ ሲያርሙ ነው የኖሩት። እንዴት ነው የሚነበበው?”

ጋሼ ስልኩን መለሱላት፤ ወንበሩን በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው መነቃነቁን ሞከሩት።

“ልጄ” አሉ፣ “ደራሲው ዲዳ ነው።”